ትዝታ ላይ ዋዋ ይረገጣል?

እሷ፦ ጋሼ፣ የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ከዋሽንግተን ይመጣል። ዋዋ ፔዳል አምጣልኝ ብዬው "የትኛውን?" ሲለኝ መልስ አጣሁ። ክራይ ቤቢ አለ፣ ቮክስ አለ፣ ሞርሊ አለ፤ ክራይ ቤቢው ብቻውን ስንት ዓይነት ነው። እርስዎ ይምረጡልኝ።

እሳቸው፦ ከመምረጤ በፊት ለምን እንደፈለግሽው ንገሪኝ። ባንድ ውስጥ ስሠራ ብዙ ጊታሪስት ዋዋ ሲገዛ አይቻለሁ። የመጀመሪያውን ሰሞን ዘፈን ሁሉ ላይ ይረግጠዋል። ከዚያ ድምፃዊው "እባክህ አጥፋልኝ" ይላል፤ ፔዳሉም ከአምፑ ጀርባ ተጥሎ ይቀራል።

እሷ፦ እኔ የምፈልገው ለትዝታ ነው። ትዝታን ያለ ድምፃዊ፣ በሊድ ጊታር ብቻ መጫወት እፈልጋለሁ።

እሳቸው፦ እንዲህ ከሆነ ከሥሩ እንነጋገር። ዋዋ የሚያምረው ለምት ነው። አይዛክ ሄይስ በ1971 "ሻፍት"ን ሲያወጣ ጊታሩን የተጫወተው ቻርልስ ፒትስ ነበር። ምን እንዳደረገ ልብ ብለሽ አዳምጪ። በግራ እጁ ክሩን አፍኖ በቀኙ ይፍቃል፣ እግሩ ያንን ፍቀት ይከፍተዋል ይዘጋዋል። የጊታሩ ሥራ የከበሮ ሥራ ነው። ትዝታ ግን ዜማ ነው፤ ያውም እያንዳንዱ ኖታ በጣት ለስልሶና ተንሸራቶ የሚመጣበት ዜማ።

እሷ፦ ጂሚ ሄንድሪክስ 1967 ላይ "በርኒንግ ኦፍ ዘ ሚድናይት ላምፕ"ን ሲቀዳ ዋዋውን ከሃርፕሲኮርድ ጋር አጣምሮ ዜማ ነው የተጫወተበት። የኛ ሰዎችስ? ሙላቱ አስታጥቄ በፈረንጆቹ 1972 ኒውዮርክ ላይ በቀዳው "ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ" ዋዋው ጎልቶ ይሰማል።

እሳቸው፦ ይሰማል፤ ያንን አልበም እወደዋለሁ። ነገር ግን እዚያ ላይ ዜማውን በዋናነት የተሸከሙት ሳክስፎኑና ቫይብራፎኑ ናቸው። ዋዋው ከሥር ሆኖ ነው የሚያንቀሳቅሳቸው። ለኔ ነው የሚመሰክረው።

እሷ፦ መነሻውን ካየን ግን ዋዋ ለዜማ ነው የታሰበው። 1966 ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቶማስ ኦርጋን የሚባል ኩባንያ የእንግሊዙን ቮክስ አምፕሊፋየር አሜሪካ ውስጥ ይሠራና ይሸጥ ነበር። ብራድ ፕላንኬት የሚባል ወጣት መሐንዲስ አምፑ ላይ ያለውን የመካከለኛ ድምፅ ማጉያ ማብሪያ ርካሽ በሆነ ነገር እንዲተካ ታዘዘ። ማብሪያውን አውጥቶ የሚዞር ፖታንሽዮሜትር አስገባ፤ ሲያዞረው ድምፁ ይከፈትና ይዘጋ ጀመር። ያንን አሠራር የኦርጋን ቮልዩም ፔዳል ውስጥ ከተቱትና ዋዋ ተወለደ። የኩባንያው ኃላፊ በልቡ የነበረው የነፋስ መሣሪያ እንጂ ጊታር አልነበረም። 1967 ገበያ ላይ ሲውልም የክላይድ ማኮይን ስም ይዞ ወጣ። ማኮይ በ1931 "ሹገር ብሉዝ"ን በታፈነ ትራምፔት ተጫውቶ የታወቀ ሰው ነው። የተፈለገው ትራምፔተኛ የመሣሪያውን አፍ ሲሸፍንና ሲገልጥ የሚሰማው ድምፅ ነበር፤ ያ ደግሞ የዜማ ጌጥ ነው። የኛም ዘመናዊ ሙዚቃ እኮ በነፋስ መሣሪያ ነው ያደገው። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ጦር ሠራዊት፣ ሁሉም ትራምፔትና ሳክስፎን ፊት ያሰለፉ ነበሩ።

እሳቸው፦ ትራምፔተኛው ትንፋሽ አለዋ! ኖታውን ይዞ ይቆያል፤ ይዞት እያለ ይከፍተዋል ይዘጋዋል። ጊታር ግን ከተመታ በኋላ ድምፁ ወዲያው መክሳት ይጀምራል። በሚከሳ ድምፅ ላይ አፍ ብትከፍቺበት ምን ታወጪያለሽ?

እሷ፦ እኔ ዋዋ የፈለግሁት በዚሁ ምክንያት ነው። መሲንቆን ይመልከቱ። አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው ያለው፤ ቀስቱ እስከተሳበ ድረስ ግን ድምፁ አይሞትም። አዝማሪው ኖታውን ከጀመረው በኋላ ያጠብቀዋል፣ ያላላዋል፣ ያስለቅሰዋል። ጊታር ላይ ክሩን ከመታሁ በኋላ የሚቀረኝ ግራ እጄ ብቻ ነው፤ ቀኝ እጄ ሥራውን ጨርሷል። ዋዋው ከተመታ በኋላ ያለችውን ጊዜ ይመልስልኛል። ኖታው እየከሳ ሲሄድ እግሬ ቀስ ብሎ ከከፈተው ጆሮ መክሳቱን ትቶ መከፈቱን ይከተላል።

እሳቸው፦ ጥሩ መልስ ነው። ግን መሲንቆው ሲያለቅስ የሚቀየረው ምኑ ነው? ጣቱ ነው የሚንቀሳቀሰው። ኖታው ከፍ ዝቅ ይላል፣ በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል። ዋዋ ኖታውን ንቅንቅ አያደርገውም፤ ቀለሙን ብቻ ይቀይራል። አድማጭ የቀለሙን መለዋወጥ ሰምቶ "አስለቀሰችው" ይልሻል፤ ግራ እጅሽ ግን ምንም አልሠራም። ስድስት ወር እንዲህ ከተሞገሰ ጣትሽ መስነፉ አይቀርም። እኔን የሚያሰጋኝ ይሄ ነው።

እሷ፦ ድምፃዊትስ? ትዝታ ስትዘፍን ኖታውንም ታሽከረክራለች፣ አፏንም ትከፍታለች ትዘጋለች። "ኡ" ብላ ይዛ ወደ "አ" ስትከፍተው ጉሮሮዋ የያዘው ኖታ ያው ነው፤ የተለወጠው አፏ የሚያጎላው ቦታ ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ይሄዳሉ። መሲንቆ የወሰደው አንዱን ነው። እኔ ሁለቱንም ብሞክር ነውሩ ምንድን ነው?

እሳቸው፦ ነውር የለውም። ሁለቱን አብሮ መያዝ ከባድ ነው እንጂ። በይ ወደ ዕቃው እንምጣና የትኛው እንደሚያግዝሽ እንይ። እግርሽ ሲጫን ውስጡ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?

እሷ፦ ከጊታሩ ከሚመጣው ድምፅ ውስጥ አንድ ጠባብ ቦታ ለይቶ ያጎላል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ይቆርጣል። ጣቶቼን ስጫን ያ የጎላው ቦታ ወደ ቀጭኑ ይሄዳል፣ ተረከዜን ስጫን ወደ ወፍራሙ ይመለሳል።

እሳቸው፦ ከስንት እስከ ስንት?

እሷ፦ እንደ ፔዳሉ ነው። ብዙዎቹ ከ400 ኸርዝ ገደማ ተነስተው 2,000 አካባቢ ወይም ትንሽ አለፍ ብለው ይቆማሉ።

እሳቸው፦ አሁን ያንን ከትዝታሽ ጋር አስተያዪው። ሊድ የምትጫወቺው በሦስቱ ቀጫጭን ክሮች ነው እንበል። አንደኛው ክር ክፍቱን 330 ኸርዝ ነው፤ 12ኛው ፍሬት ላይ 660 ገደማ ይደርሳል። ተረከዝሽን ተጭነሽ የጎላው ቦታ 400 አካባቢ ተቀመጠ። አምስተኛው ፍሬት 440 ስለሆነ እሱ ጎልቶ ይወጣል። 12ኛው ፍሬት ላይ ስትወጪ ግን ኖታው ራሱ ከጎላው ቦታ በላይ ነውና ፔዳሉ ይውጠዋል። ዜማሽ ገሚሱ ይጮሃል፣ ገሚሱ ይታፈናል። ፈንክ ለሚጫወት ሰው ይህ ችግር አይሆንም፤ እግሩ አንድ ቦታ አይቆምምና ጆሮ ለማማረር ጊዜ አያገኝም። ትዝታ ላይ ግን ቆመሽ የምትጠብቂበት ኖታ አለ፤ እሱ ላይ ስትቆሚ ጉድለቱ ሁሉ ይሰማል።

እሷ፦ እንግዲያው ተረከዙ በጣም የማይጨልም፣ የሚያጎላውም ቦታ ሰፋ ያለ ፔዳል ነው የሚያስፈልገኝ።

እሳቸው፦ አሁን መምረጥ ጀመርሽ። ተራው ክራይ ቤቢ፣ ጂሲቢ 95 የሚሉት፣ ጉላቱ ሹል ነው፤ ጣት ሲጫነው ጆሮ ይወጋል። ቮክሱ፣ ቪ 847፣ ለኔ ጆሮ ትንሽ ረጋ ይላል። ሁለቱም ግን ከፋብሪካ ይዘውት የወጡት አንድ ወሰን አላቸው፤ ካልተስማማሽ አልተስማማሽም ነው። 535ኪው የሚባለው ክራይ ቤቢ ስድስት ወሰን የሚመረጥበት ማዞሪያ አለው፤ የጉላቱን ስፋትም ለብቻው ታስተካክዪበታለሽ።

እሷ፦ እሱን አይቼዋለሁ፤ ዋጋው ነው የገታኝ። ተራው ከ100 ዶላር ብዙ አይርቅም፣ እሱ ግን ከዚያ ይዘላል። ተራውን ገዝቼ ማስተካከል አይቻልም?

እሳቸው፦ ይቻላል። ሽፋኑን ብትፈቺው ውስጡ ጥቂት ዕቃ ነው ያለው። 500 ሚሊሄንሪ ገደማ የሆነ ኮይል አለ፣ 0.01 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አለ። የጎላው ቦታ ከፍ ሲል የት እንደሚያርፍ የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ብታሰይው 2,250 ኸርዝ አካባቢ ይመጣል። ፔዳሉ ያንኑ ካፓሲተር ትልቅ እያስመሰለ ነው ወደ ታች የሚያወርደው። ካፓሲተሩን በ0.015 ብትተኪው ጫፉ ወደ 1,840 ይወርድና የሚወጋው ነገር ይለዝባል። ካፓሲተር ርካሽ ዕቃ ነው፣ እጁ የቀና ሬዲዮ ጠጋኝ ወዲያው ይበይደዋል።

እሷ፦ ጫፉ ሲወርድ ተረከዙስ አብሮ አይወርድም? እኔን ያስቸገረኝ የተረከዙ ጨለማ ነው።

እሳቸው፦ ይወርዳል። ስለዚህ ላንቺ መንገዱ ወደ ሌላው ነው፤ 0.0068 ብታስገቢ ሁሉም ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫፉ 2,700 ያልፋል። ተረከዙ ይበራል፣ ጣቱ ደግሞ ባሰበት ይስላል። ያንን ለማብረድ ከኮይሉ ጎን የተበየደውን 33 ኪሎኦም ሬዚስተር ታሳንሺዋለሽ፤ ጉላቱ ይሰፋል፣ ስለቱ ይዶለዱማል። የሚሆን ነገር ነው፤ ግን አንዱን ስታስተካክዪ ሌላው ይነካብሻልና ደጋግመሽ መፍታትና መበየድ አለብሽ። ሥራውን የምትወጂው ከሆነ ተራውን ግዢ። መጫወት ብቻ ከሆነ ፍላጎትሽ 535ቱ ይሻልሻል።

እሷ፦ ኮይሉስ? ፋዜል፣ ሄሎ እያሉ በኮይል ስም ዋጋ ይጨምራሉ።

እሳቸው፦ ልዩነት የለውም አልልም፤ የኮይሉ ብረትና አጠቃለሉ ድምፁን ይነካል። ካፓሲተር ሲቀየር ከሚሰማው ልዩነት ግን ያንሳል። ድሮ ጣሊያን አገር ፔስካራ የተሠሩትን ፔዳሎች የሚያሳድዱ ሰብሳቢዎች አሉ፤ እነሱ ዕድሜውንም ነው የሚገዙት። አንቺ በኮይል አትምረጪ። ይልቅ ፔዳሉ ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ ጠይቂ።

እሷ፦ ሲጠፋማ ምን ያደርጋል?

እሳቸው፦ በድሮው አሠራር ፔዳሉ ጠፍቶም ከጊታሩ ጋር እንደተያያዘ ይቀራልና ከድምፅሽ ላይ ቀጭኑን ይወስድብሻል። ትዝታሽን ያለ ዋዋ ስትጀምሪ ጊታርሽ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ለመፈተን ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ጊታሩን በቀጥታ አምፑ ላይ ሰኪና አንድ ኖታ ምቺ፣ ከዚያ በጠፋው ፔዳል በኩል አሳልፈሽ ያንኑ ምቺ። ልዩነት ከሰማሽ ወይ ትሩ ባይፓስ ያለውን፣ ማለትም ሲጠፋ ከመስመሩ ጨርሶ የሚወጣውን፣ ወይ መግቢያው ላይ በፈር፣ ማለትም ጊታሩን ከፔዳሉ ጫና የሚጠብቅ ሰርኪት፣ ያለውን ውሰጂ። ፈዝ የሚሉት ድምፅ የሚያሻክር ፔዳልስ አለሽ?

እሷ፦ አለኝ፤ ድምፁ እንዳይከሳብኝ ለሊድ እጠቀምበታለሁ።

እሳቸው፦ እንግዲያው ከዋዋው በኋላ ብታስቀምጪው አንዳንዱ ፈዝ መግቢያው ዝቅተኛ ስለሆነ ዋዋውን ያንቀዋል፤ እግርሽን ብታንቀሳቅሺም የሚለወጥ ነገር አይኖርም። በመሃላቸው በፈር ይግባ፣ ወይም ፈዙን አስቀድሚው። ፈዝ ከዋዋ ሲቀድም ደግሞ ፔዳሉ ብዙ ሃርሞኒክ ስለሚያገኝ አከፋፈቱ ኃይለኛ ነው፤ ለትዝታ ይበዛል። እኔ ዋዋውን አስቀድሜ፣ በመሃል በፈር አስገብቼ፣ ፈዙን ዝቅ አድርጌ ከኋላ አኖረው ነበር።

እሷ፦ አዳፕተሩንም አብሮ ያምጣልኝ?

እሳቸው፦ እሱን ተጠንቀቂ። አሜሪካ የሚሸጥ አዳፕተር ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ ነው፤ እዚህ 220 ላይ ስትሰኪው ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 የሚል ካልተጻፈበት ይተወው። ዋዋ የሚበላው ኃይል ደግሞ በጣም ጥቂት ነው፤ በአንድ 9 ቮልት ባትሪ ብዙ ትጫወቺበታለሽ፣ መብራት ሲሄድም አያሳስብሽም። ስትጨርሺ ከመግቢያው ላይ ጃኩን ንቀዪ እንጂ፤ ማብሪያው እሱ ስለሆነ ተሰክቶ ካደረ ባትሪሽ ያልቃል።

እሷ፦ አቧራውስ? የጓደኛዬ ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ክርክር ይላል።

እሳቸው፦ ፖታንሽዮሜትሩ ነው። ፔዳሉ ሲወርድ ሲወጣ ጥርስ ያለው ዘንግ ያዞረዋል፤ ውስጡ እየተፋተገ ያልቃል፣ አቧራ ሲጨመርበት ይብሳል። ሞርሊ ከዚህ ነፃ ነው። እሱ ብርሃን ነው የሚጠቀመው፤ ፔዳሉ ሲንቀሳቀስ ብርሃኑን ይጋርደዋል ይገልጠዋል፣ የሚፋተግ ነገር የለውም። ለአዲስ አበባ አቧራ ሞርሊ ቢመረጥ አይፈረድም። ድምፁን ግን ሰምተሽ ካልወደድሽው ዕድሜው ብቻውን ምን ያደርግልሻል?

እሷ፦ እግር ጭራሽ የማያስፈልጋቸውስ? በክሩ አመታት ራሳቸው የሚከፈቱት።

እሳቸው፦ ሙትሮን የሚባለው በ1972 ወጣ፤ ስቲቪ ዎንደር በማግስቱ ዓመት "ሃየር ግራውንድ" ላይ ክላቪኔቱን በሱ አሳልፎታል። ግሩም ነገር ነው። ላንቺ ግን አይሆንም። አንቺ የፈለግሽው ከተመታ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው፤ እሱ ደግሞ በምቱ ይከፈታል፣ ኖታው ሲከሳ አብሮት ይዘጋል።

እሷ፦ ስለዚህ 535ቱ። ተስማማን?

እሳቸው፦ በዕቃው ተስማምተናል። በትዝታው ገና ነን። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፔዳሉን መሃል ላይ አድርገሽ እግርሽን ብታነሺስ? ጊታሪስቱ ሚክ ሮንሰን እንዲህ አድርጎ ነበር የሚጠቀምበት፤ ከፍቶ ያቆመዋል፣ ጊታሩ ያንን ቀለም ይዞ ይሄዳል። ጣትሽ አይሰንፍም፣ ዜማሽም አይዋዥቅም።

እሷ፦ ሞክሬዋለሁ፣ በጓደኛዬ ፔዳል። ያልጠበቅሁት ነገር ሰማሁ። ፔዳሉ ቆሞም ኖታ ይመርጣል። ከትዝታ አምስት ኖታዎች አንዷ ሃርሞኒኳ ልክ የጎላው ቦታ ላይ ስለሚገጥም ከሌሎቹ በላይ ትዘፍናለች።

እሳቸው፦ አየሽ! እኔ ልደርስበት የፈለግሁት ይሄ ነው። ቅኝት ማለት ኖታዎች ብቻ አይደሉም፤ ማዕረግም አላቸው። መነሻው አለ፣ ማረፊያው አለ፣ ዝም ብሎ የሚታለፍበት አለ። ትዝታን ትዝታ ያደረገው የትኛው ላይ እንደምትቆይና የትኛውን ነክተሽ እንደምታልፊ ነው። አሁን ከቅኝቱ ውጪ የሆነ አንድ ብረት መጥቶ ማለፊያዋን ኖታ ከማረፊያው በላይ ያነግሣታል። ያንን ኖታ የመረጠው ማነው? አንቺ አይደለሽም፣ አባቶችሽም አይደሉም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለአምፕሊፋየር የተመረጠ ካፓሲተር ነው።

እሷ፦ ክራርስ ጋሼ? የክራር ሳጥን የራሱ ድምፅ አለው። ቆዳው ሲወጠር አንዱን ኖታ ያስተጋባል፣ ሌላውን ያፍናል። ሁለት ክራር አንድ ዓይነት አይሰማም። ማዕረጉን የሚያዛባ ነገር ሁሉ ይውጣ ካልን መጀመሪያ የሚወጣው ሳጥኑ ነው።

እሳቸው፦ ክራር መቺው ከሳጥኑ ጋር ኖሯል። የሚጮኸውን ኖታ ያውቀዋል፤ እዚያ ሲደርስ እጁን ያለሳልሳል።

እሷ፦ እኔም ከፔዳሉ ጋር እኖራለሁ። ያውም ክራር መቺው ሳጥኑን ማንቀሳቀስ አይችልም፤ እኔ የጎላውን ቦታ በእግሬ እወስደዋለሁ። ማለፊያዋ ኖታ ላይ ስደርስ ዘጋ አደርገዋለሁ፣ ማረፊያው ላይ ስደርስ እከፍተዋለሁ። እንዲያውም እርስዎ የሚሉትን ማዕረግ እኔ በእግሬ ልጠብቀው እችላለሁ። ያለ ፔዳል ግን ማዕረጉን የምለየው በአመታት ጉልበት ብቻ ነው።

እሳቸው፦ ይህንን አላሰብኩትም ነበር። ትክክል ልትሆኚ ትችያለሽ። ነገር ግን እግርሽ ዝም ብሎ የሚታዘዝሽ እንዳይመስልሽ። እግር ምት ይወዳል። ስትጫወቺ ሳታስቢው መሬት ይመታል። ዋዋው ላይ የተቀመጠ እግርም ያንኑ ያደርጋል። ቺክቺካ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር እያለ ይሄዳል። በሁለቱ ዋና ምቶች ላይ ብትረግጪ ፔዳሉ ከበሮውን ይደግማል እንጂ ዜማ አይናገርም። በስድስቱም ላይ ብትረግጪ ዜማው ይንቀጠቀጣል። ከቀረጻ የለመድሽው ዋዋ ደግሞ አብዛኛው በአራት የሚቆጠር ነው፤ ያንን ይዘሽ ስድስት ስምንተኛ ላይ ስትገቢ እግርሽና ከበሮው ይጣላሉ።

እሷ፦ ትዝታን በዝግታ ነው የምጫወተው። እግሬ በምት አይሄድም፤ በሐረግ ነው የሚሄደው። አንድ ሐረግ ሲጀመር ተዘግቶ ይነሳል፣ ሐረጉ ከፍ ወዳለበት ሲደርስ ይከፈታል፣ ሲያርፍ ይመለሳል። በሁለት ሦስት ልኬት ውስጥ አንዴ።

እሳቸው፦ እንደዚያ ቀስ ብሎ የሚሄድ እግር ይደክማል። ቁርጭምጭሚት ፈጣን ነገር ነው የሚቀናው፤ ዝግታ ነው የሚያንቀጠቅጠው። ቁጭ ብለሽ ተለማመጂ፣ ከዚያ ቆመሽ። ፔዳሉን ስትገዢ አጥብቀሽ እሰሪው፤ ከሥሩ የምትፈታ ብሎን አለች፣ እሷ ስትጠብቅ ፔዳሉ በራሱ አይወድቅም፤ እግርሽ ባቆመበት ይቆማል። ልል ፔዳል ላይ ዝግታ አይሠራም።

እሷ፦ እሱን አላውቅም ነበር።

እሳቸው፦ አሁን የመጨረሻውን ልንገርሽ። ከሁሉም በላይ የምጠራጠረው ምርጫሽን ነው፤ ጆሮሽ ከየት አመጣው? ፍራንሲስ ፋልሴቶ "ኢትዮፒክስ" የተባሉትን ተከታታይ አልበሞች ከ1997 ጀምሮ ካወጣ ወዲህ፣ የሙላቱም ዜማ በ2005 "ብሮክን ፍላወርስ" ፊልም ውስጥ ከተሰማ ወዲህ የውጭ ሰው የኛን ሙዚቃ በነ "ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ" ዘመን ድምፅ ነው የሚያውቀው። ልጆቻችንም ያንን ድምፅ ከውጭ ሰው ጆሮ ተቀብለው መጡ። ዋዋ ስትረግጪ የምትጫወቺው ትዝታን ነው ወይስ የ1972ን ቀረጻ?

እሷ፦ ያ ዘመን እኮ አልጨረሰም። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከፈተ፤ 1974 ላይ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊው የማታውን ሙዚቃ አንቆ ያዘው። ኤሌክትሪክ ጊታሩ ከኛ ቅኝት ጋር ገና መነጋገር ጀምሮ ነበር። እኔ ቀረጻውን መድገም አልፈልግም፤ የተቋረጠውን መቀጠል ነው የምፈልገው።

እሳቸው፦ አልተቋረጠም ልጄ። ሰዓት እላፊው ሲገባ ሆቴሉ በሩን ይዘጋ ነበር፤ ተጫዋቹም አድማጩም እዚያው ያድሩ ነበር። እስከ ንጋት ነበር የሚጫወቱት። ፔዳሉን ደርግ አልወሰደውም። ካሴቱና ሲንተሳይዘሩ ሲመጡ ጊታሪስቱ ራሱ አስቀመጠው፤ ከዚያ በፊትም የተጠቀመበት ለምት ነበር። ትዝታን በዋዋ ለመጫወት የፈለገ ቢኖር ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ ጊዜ ነበረው። ለምን አላደረገውም ብለሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?

እሷ፦ ድምፃዊ ስለነበረ ነዋ። ባንዱ ፊት መሐሙድ አሕመድ ወይም ዓለማየሁ እሸቴ ቆሞ እያለ ጊታሪስቱ አፍ የሚሆን መሣሪያ ምን ይፈልጋል? አፍ አለ። እኔ ግን ያለ ድምፃዊ ነው የምጫወተው። እነሱ ያልፈለጉት ስለማይሆን አይደለም፤ ሥራው ስላልነበራቸው ነው።

እሳቸው፦ ወይም ደግሞ ከመሐሙድ ጎን ቆመው ያ መሣሪያ አፍ እንደማይሆን ሰምተው ይሆናል። አፉ ሲከፈት ቃል ይወጣል። የሚሰማው ሰው የሚጠብቀው ቃሉን ነው። አንቺ "ኡ" ወደ "አ" ታደርጊዋለሽ፤ ከዚያስ? ትዝታ ላይ ሰው የሚያለቅሰው በአናባቢ ነው?

እሷ፦ ሰው ግጥሙን በልቡ ይዞ ነው የሚመጣው። ትዝታ ሲጀመር የማያውቀው የለም። አፉ ሲከፈት ቃሉን ራሱ ይሞላዋል።

እሳቸው፦ ለሚያውቀው እሺ። ግጥሙን ለማያውቀው ባዶ አፍ ነዋ።

እሷ፦ መሲንቆውም ብቻውን ሲጫወት ለማያውቀው ባዶ ነው? እርስዎ ራስዎ ቃል የሌለው መሲንቆ ሰምተው ልብዎ ሲነካ አላየሁም?

እሳቸው፦ አይተሻል። እንግዲህ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ዘመድሽ ሳይመጣ፣ በሰው ፔዳልም ሳይሆን፣ ያንን ትዝታ በባዶ ጊታር ቅጂና ላኪልኝ። ፔዳሉ ሲመጣ ደግሞ ያንኑ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው አምፕ።

እሷ፦ እልክልዎታለሁ። ግን የፔዳሉ ወዲያው አይሁን። ባዶውን ለዓመታት ተለማምጄዋለሁ፤ ፔዳሉን በአንድ ሳምንት ከሱ ጋር ማወዳደር ፍትሕ አይሆንም።

እሳቸው፦ ስንት ጊዜ ትፈልጊያለሽ?

እሷ፦ እስከ ገና።

እሳቸው፦ እስከ ገና ይሁን። ሰምቼ ባዶውን ብመርጥስ?

እሷ፦ የትኛው ኖታ ላይ ቅር እንዳለዎት ይንገሩኝ። ሁሉም ላይ ከሆነ ፔዳሉን እሸጠዋለሁ። አንድ ሁለት ኖታ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ጥፋቱ የእግሬ ነው፤ ጊዜ ይጨምሩልኛል።

እሳቸው፦ የቱም ላይ ቅር ሳይለኝ፣ ዝም ብሎ ባዶው ቢበልጥብኝስ?

እሷ፦ እሱን ሲሰሙት እንነጋገርበታለን። ለአክስቴ ልጅ ግን ዛሬ ማታ 535ኪው፣ ያለ አዳፕተር ብዬ እጽፍለታለሁ።